የልጅነት ደም፣ የጎልማሳነት ልብ

ለቆላ ድባና ለአካባቢው ሕዝብ የቀረበ የጤና ትምህርት



የዛሬው ርእሳችን የልጆቻችን ልብ ነው። የአንድን የአሥር ዓመት ልጅ ደም ዛሬ ብንመረምር፣ በሃምሳ ዓመቱ ልቡን ምን ሊገጥመው እንደሚችል ማወቅ እንችላለን ወይ? ብናውቅስ ልናደርግለት የምንችለው ነገር አለ ወይ? ይህ ጥያቄ በሀብታም አገሮች ያሉ ሐኪሞችን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል፤ ክርክሩም የሚያጠነጥነው በኮሌስትሮል ምርመራ ላይ ነው። የእኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ በደምቢያ የልጆችን ሁሉ ደም እየቀዱ ኮሌስትሮል መለካት ዛሬ አያስፈልገንም። ነገር ግን ልጆቻቸው የግድ መመርመር ያለባቸው ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ፤ እነሱን የምናገኝበት መንገድም በእጃችን ነው። ከኮሌስትሮሉ ቀድሞ ደግሞ የልጆቻችንን ልብ የሚያበላሽ ሌላ ሕመም አለ። ሁለቱንም በየተራ አስረዳለሁ። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ስለ ጤና ለመነጋገር የደምቢያው ቆላ ድባ የሚገባው ቦታ ነው። በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። ጤና መኮንኑ፣ የኮሚዩኒቲ ነርሷና ሳኒታሪያኑ አብረው ሠልጥነው አብረው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ተደረገ። የቆላ ድባ ጤና ጣቢያም ተማሪዎቹ ሥራውን ከሚለማመዱባቸው ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። የኮሌጁ ዋና ሐሳብ በሽተኛውን በአልጋ ላይ ከመጠበቅ ይልቅ በሽታውን በየቤቱ ሄዶ መቅደም ነበር። እኔም ዛሬ የምናገረው ያንኑ ሐሳብ ወደ ልብ ሕመም ወስጄ ነው።

በዚያው በ1953 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ ወጣ። የእኛም የቃኘው ሻለቃ ልጆች በተዋጉበት በኮርያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮችን ልብ ሐኪሞች ከፍተው መርምረው ነበር። የወታደሮቹ አማካይ ዕድሜ 22 ዓመት ነው። ተመርጠው የዘመቱ፣ የሚሮጡ፣ ሸክም የሚሸከሙ፣ በሕይወታቸው «ደረቴን አመመኝ» ብለው የማያውቁ ወጣቶች ናቸው። ከመቶው በ77ቱ ልብ ላይ ግን ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች በሽታ ጀምሯቸው ተገኘ። በአንዳንዶቹ ገና ውፍረት ብቻ ነበር፤ በጥቂቶቹ ቧንቧው ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። እስከዚያ ድረስ የልብ ቧንቧ መጥበብ የሽማግሌ በሽታ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ነገሩ ብዙ ሐኪሞችን አስደነገጠ። በሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ከደረሰ መቼ ጀመረ ማለት ነው?

እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ የሆኑትን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። እዚህ ልጅ ሳያድግ በወባ ይሞታል፤ እዚያ ልጅ ያድጋል፣ ግን የሚገድለው በሽታ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያድጋል። ያን ጊዜ የአገራችን ሰው አማካይ ዕድሜ ከ40 ዓመት አይበልጥም ነበር። ዛሬ 65ን አልፏል። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ክትባት፣ አጎበር፣ ንጹሕ ውኃና በየቀበሌው የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያስገኙት ድል ነው። ዕድሜ ሲረዝም ግን ልብም ረጅም መንገድ መሥራት አለበት። እዚያ የታየው በሽታ እዚህም ጊዜ አገኘ።

ኮሌስትሮል ምንድን ነው? ብዙ ሰው መርዝ ይመስለዋል፤ አይደለም። እያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ግድግዳውን የሚሠራበት፣ ወንድነትና ሴትነትን የሚቆጣጠሩ ሆርሞኖች የሚሠሩበት፣ ምግብ የሚፈጨው ሐሞት የሚዘጋጅበት ቅባት ነው። አብዛኛውን የሚሠራው ራሱ ጉበታችን ነው። ቅቤ ውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ኮሌስትሮልም ከደም ጋር አይዋሐድም፤ ስለዚህ በደም ውስጥ የሚጓዘው በፕሮቲን ተጠቅልሎ ነው። ኤል ዲ ኤል የሚባለው ጥቅል ኮሌስትሮልን ከጉበት ወደ ሰውነት ያደርሳል፤ ኤች ዲ ኤል የሚባለው ደግሞ የተረፈውን ሰብስቦ ወደ ጉበት ይመልሳል። ኤል ዲ ኤል ከሚፈለገው በላይ በደም ውስጥ ሲቆይ ወደ ቧንቧው ግድግዳ ሰርጎ ይገባል። ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮት ይዋጋዋል፤ በውጊያው ቦታ ስብና ቁስል ይከማቻል። ክምሩ ለዓመታት ያለ ምንም ሕመም ያድጋል። አንድ ቀን ልባሱ ሲቀደድ ደም እዚያው ይረጋና ቧንቧውን ይደፍነዋል። በልብ ላይ ሲሆን ሃርት አታክ፣ በአንጎል ላይ ሲሆን ስትሮክ ይባላል። ጠዋት ወደ ማሳ የወጣ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ከቀትር በኋላ «ወደቀ» ሲባል ከምንሰማቸው ሞቶች አንዳንዶቹ ይህ ናቸው፤ እኛ ምች እንላቸዋለን፣ ወይም የሰው ዓይን።

ሕመሙ በልጅነት እንደሚጀምር ያረጋገጠው ደግሞ በአሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ቦጋሉሳ በምትባል አነስተኛ ከተማ የተደረገ ጥናት ነው። ዶክተር ጄራልድ ቤረንሰን በ1970ዎቹ መጀመሪያ የከተማዋን ልጆች፣ ጥቁሩንም ነጩንም፣ በየትምህርት ቤቱ ቁመትና ክብደታቸውን፣ የደም ግፊታቸውንና የደም ስባቸውን መለካት ጀመሩ፤ ልጆቹ አድገው ወላጅ እስኪሆኑ ድረስም ክትትሉ ቀጠለ። በመካከሉ በአደጋና በሌላ ምክንያት የሞቱ ወጣቶች ነበሩ። ልባቸው ሲመረመር ኮሌስትሮላቸው፣ ግፊታቸውና ክብደታቸው ከፍ ያለው ልጆች ቧንቧ ከሌሎቹ የበለጠ ተጎድቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በ2022 ከአሜሪካ፣ ከፊንላንድና ከአውስትራሊያ የተሰበሰበ የ38,589 ሰዎች መረጃ ታተመ። ሰዎቹ ከ3 እስከ 19 ዓመታቸው ባለው ጊዜ ተመርምረው በአማካይ 35 ዓመት ክትትል የተደረገላቸው ናቸው። የሰውነት ውፍረት፣ የደም ግፊት፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው የደም ስብና በወጣትነት ሲጋራ ማጨስ፣ እነዚህ አምስቱ በልጅነት ከፍ ባሉ መጠን በጎልማሳነት በልብና በስትሮክ የመሞት ዕድል ከፍ አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ መልስ «አዎ» ነው። የልጅ ደም ስለ ጎልማሳው ልብ ይናገራል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ብናውቅስ ምን እናደርጋለን?» የሚለው፣ ከዚህ ይከብዳል። በ2011 የአሜሪካ ብሔራዊ የልብ፣ የሳንባና የደም ተቋም የሰበሰባቸው ባለሙያዎች ማንኛውም ልጅ ከ9 እስከ 11 ዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ከ17 እስከ 21 ዓመቱ ሌላ ጊዜ ኮሌስትሮሉ ይለካ አሉ። በዚያው አገር የመከላከያ ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ሌላ የባለሙያዎች ጉባኤ ደግሞ በ2016ም በ2023ም ማስረጃውን መርምሮ፣ ሁሉንም ልጅ መመርመር ይጠቅማል ወይም ይጎዳል ለማለት የሚበቃ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ስሎቬኒያ በበኩሏ ከ1995 ጀምሮ የአምስት ዓመት ልጆችን ሁሉ ትመረምራለች። የተማሩ ሰዎች በቅን ልብ የተለያዩበት ጉዳይ ነው።

የማይለያዩበት አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም በዘር የሚወረሰው ከፍተኛ ኮሌስትሮል ነው። ጆሴፍ ጎልድስታይንና ማይክል ብራውን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1985 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ግኝት ይህን ያስረዳል። በጉበት ሕዋስ ላይ ኤል ዲ ኤልን ከደም ለቅሞ የሚያስገባ ተቀባይ አለ። ከአባት ወይም ከእናት የተበላሸ የዘር ቅንጣት የወረሰ ልጅ ተቀባዮቹ በግማሽ ያህል ይጎድላሉ፤ ስለዚህ ስቡ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ በደሙ ውስጥ ይከማቻል። ቢጾምም፣ ቀጭን ቢሆንም፣ ቅቤ ባይቀምስም ነው። በዓለም ላይ ከ250 ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ካልታከመ ከወንዶቹ ግማሽ ያህሉ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው የልብ ቧንቧ በሽታ ይይዛቸዋል። ከሁለቱም ወላጅ የወረሰ ልጅ ሲያጋጥም ደግሞ፣ ይህ እጅግ ብርቅ ነው፣ ምልክቱ በዓይን ይታያል፤ በክርኑ፣ በጉልበቱ፣ በመቀመጫው ላይ ቢጫ፣ የማያሳክክ፣ የማያም እብጠት ይወጣል፤ ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት ይወፍራል፤ በዓይኑ ብሌን ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት ይታያል። ወላጅ ኪንታሮት መስሎት ይተወዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ልቡ ሊቆም ይችላል። እንዲህ ያለ እብጠት ያያችሁበት ልጅ ካለ በመተኮስና በመድኃኒት ቅጠል ጊዜ አታጥፉ፤ ለሐኪም አሳዩት።

በኔዘርላንድስ ይህ የዘር ሕመም ያለባቸው 214 ልጆች ስታቲን የሚባለውን መድኃኒት በልጅነታቸው ጀመሩ። ከሃያ ዓመት በኋላ የታየው ውጤት በ2019 ታተመ። ልጆቹ 39 ዓመት ሲሞላቸው የልብ ወይም የስትሮክ ሕመም ያገኛቸው ከመቶ አንድ ብቻ ነበሩ። ያንኑ ሕመም ያወረሷቸው፣ በልጅነታቸው መድኃኒቱን ያላገኙት ወላጆቻቸው ግን በዚያው ዕድሜ ከመቶ 26ቱ ታመው ነበር። ከወላጆቹ ከመቶ ሰባቱ በዚያ ዕድሜ በልብና በደም ቧንቧ ሕመም ሞተዋል፤ ከልጆቹ በዚህ ሕመም የሞተ አልነበረም። ከስታቲኖቹ አቶርቫስታቲንና ሲምቫስታቲን በየመድኃኒት ቤታችን የሚሸጡ፣ ብዙ አዋቂ ሰው የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ናቸው። ለልጅ የሚጀመሩት ከስምንት ወይም ከአሥር ዓመት በኋላ በሐኪም ክትትል ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የደምቢያ ሰው ደም በተፈጥሮው ከዚህ በሽታ የተጠበቀ ነው ወይ? ለዚህ ጥያቄ ከማንም በላይ መልስ የሚሰጡን ከዚሁ ከደምቢያ፣ ከአምቦበርና ከወለቃ የሄዱ ወገኖቻችን ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። በ1984 እና በ85 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ሲገቡ የመረመሯቸው ሐኪሞች ቀጭን፣ የደም ግፊታቸው ዝቅ ያለ፣ የደም ስባቸው አነስተኛ፣ ስኳር በሽታ እምብዛም የሌለባቸው ሰዎች ሆነው አገኟቸው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ክብደታቸው ጨመረ፣ ግፊቱ ተነሣ፣ ስኳር በሽታው በወጣቶቹም ላይ ሳይቀር በዝቶ ታየ። ሰዎቹ ያው የደምቢያ ሰዎች ናቸው። የተለወጠው ማዕዱ፣ እግራቸው የሚሄደው መንገድና ሥራቸው ነው። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ዛሬ የምንበላውን አያለሁ፤ ለውጡ አውሮፕላን ሳንሳፈር እዚሁ ድረስ መጥቷልና።

የቀድሞው የደምቢያ ማዕድ ለልብ ደግ ማዕድ ነበር። ጤፍና ማሽላ፣ ሽምብራና ጓያ፣ ሽሮ፣ ኑግ፣ በወቅቱም የጣና ዓሣ። ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ ይጾማል፤ በእነዚያ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይቀመስም። የፎገራ ላም ቅቤም በበዓልና በአራስ ቤት እንጂ በየቀኑ የሚፈስ አልነበረም። ዛሬ ደግሞ ወደ ኩሽናችን ሕዝቡ የረጋ ዘይት የሚለው የፓልም ዘይት ገባ። በጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተብሎ ተጽፎ አይታችሁ ይሆናል። ጽሑፉ እውነት ነው፤ ከአትክልት የተሠራ ዘይት ኮሌስትሮል የለበትም። ግን ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ስብ ነው። የሚረጋ ስብ ሲበዛ በጉበት ላይ ያሉት ያ የነገርኳችሁ ተቀባዮች ይቀንሳሉ፤ ያኔ ኤል ዲ ኤሉ በደም ውስጥ ይቀራል። የኑግ ዘይት ስብ ግን አብዛኛው የማይረጋው ዓይነት ነው። በጠዋት ብርድ ዘይታችሁ ረግቶ ከደረቀ ምን ዓይነት እንደሆነ አወቃችሁ ማለት ነው። በመንገድ ዳር ደግሞ ያው የረጋ ዘይት እየጠቆረ ሲመላለስ ፓስቲና ሳምቡሳ ይጠበስበታል፤ ተማሪው በዕረፍት ሰዓት የሚገዛው እሱን ነው፣ ጾም ነው ብሎ የሚበላውም እሱን ነው። ኑጉ በማሳችን እየበቀለ፣ ልጆቻችን ከባሕር ማዶ በመጣ የረጋ ዘይት ማደጋቸው ያሳዝነኛል።

ግን እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ዛሬ ከተናገርኩት ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህን ያዙልኝ። ኮሌስትሮል ፈርቶ ከሕፃን አፍ እንቁላልና ወተት የሚነጥቅ ወላጅ እንዳይኖር። በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 41 ያህሉ በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ነበሩ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንጎሉ የሚሠራው በስብ ነው። የእኛ ልጆች ትልቁ ችግር የእንቁላል ማነስ ነው፤ ለታዳጊ ልጅ በቀን አንድ እንቁላል ስጡ። በማኅፀን ሳለ ተርቦ፣ ቀንጭሮ አድጎ፣ በኋላ በከተማ ኑሮ በፍጥነት የሚወፍር ሰው ደግሞ ለግፊት፣ ለስኳርና ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ሕፃኑን ደኅና አድርጎ መመገብ ራሱ የልብ መከላከያ ነው።

ከኮሌስትሮል በፊት የልጆቻችንን ልብ ወደሚያበላሸው ሕመም ልመለስ። ሪህማቲክ የልብ ሕመም ይባላል፤ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮው ይቆስላል፣ ያተኩሰዋል፣ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል። ሕመሙን ያስያዘው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ተሕዋስ ከሆነ፣ ጉሮሮው ከዳነ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ሊያብጥ ይችላል፤ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ ክርን ይዘዋወራል። ሰውነቱ ተሕዋሱን ለመግደል ያዘጋጀው መከላከያ ተሳስቶ የራሱን የልብ በሮች ይመታል። ጉልበቱ ይሻለዋል፤ የልብ በሩ ግን ይጠብባል፣ ወይም አይገጥምም። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ልጅቷ አድጋ፣ አግብታ፣ በመጀመሪያ እርግዝናዋ ትንፋሽ ሲያጥራት ነው። በአገራችን በተለያዩ አካባቢዎች 3,238 ተማሪዎች በልብ አልትራሳውንድ ሲታዩ ከሺው 19 ያህሉ ይህ ሕመም ተገኘባቸው። አብዛኞቹ ልጆች መታመማቸውን አያውቁም ነበር።

በዚህ አካባቢ የልጅ ጉሮሮ ሲታመም ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንጥል ይቆረጣል፤ ቶንሲሉ በጣት ይቧጠጣል። ደም ይፈስሳል፣ ይመረቅዛል፣ ተሕዋሱ ግን እዚያው ይቀራል። ልጁን ከልብ ሕመም የሚያድነው ፔኒሲሊን ነው፤ ጉሮሮው በታመመ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከተሰጠው ልቡ ይተርፋል። አንድ መርፌ ወይም የአሥር ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ይበቃል። ልቡ አንድ ጊዜ የተነካ ልጅ ግን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለብዙ ዓመታት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መወጋት አለበት። መርፌውን ያየ ያውቀዋል፤ ነጭ ዱቄቱ በውኃ ሲበጠበጥ እንደ ወተት ይወፍራል፣ ወፍራም መርፌ ይፈልጋል፣ ልጁ እያነከሰ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ብዙ ቤተሰብ «ልጄ ደኅና ነው፣ ለምን አሠቃየዋለሁ?» ብሎ የሚያቋርጠው በዚህ ምክንያት ነው። እናቶች ሆይ፣ አታቋርጡት። በኡጋንዳ ጉሉ በትምህርት ቤት ምርመራ ሕመሙ ገና ሳይሰማቸው የተገኙ 818 ልጆች ለሁለት ተከፈሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ መርፌውን ከሚወስዱት ሕመሙ የባሰባቸው ሦስት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ ከማይወስዱት 33። በ2021 የታተመ ውጤት ነው። ልጅን ሳይታመም መርምሮ ልቡን ማትረፍ እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ሳይያዝ የቀረው ልጅ መጨረሻው የልብ ቀዶ ሕክምና ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት ማኅበር በ2009 አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል አስከፍቶ ብዙ ሕፃናትን አድኗል፤ ግን ተራ የሚጠብቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። የአንድ ልጅ የልብ በር መለወጫ ወጪ በስንት ሺህ ልጆች ጉሮሮ ላይ መከላከያ ይሆን ነበር? ስለዚህ ገንዘባችንና ጉልበታችን ጥቂት እስከሆነ ድረስ ቅድሚያውን ለጉሮሮ እሰጣለሁ፤ በየትምህርት ቤቱ ማዳመጫ ይዞ የልጆችን ልብ ለሚያዳምጥና የተጠረጠሩትን ለአልትራሳውንድ ወደ ጎንደር ለሚልክ የጤና ባለሙያ።

ሁለተኛውን ቦታ ግን ለኮሌስትሮሉ እሰጣለሁ፤ ይህም ብዙ ወጪ የለውም። የልጆችን ሁሉ ደም መቅዳት አያስፈልግም ያልኩት በሚከተለው ምክንያት ነው። በብዙ ጤና ተቋሞቻችን የላቦራቶሪው መስኮት ላይ ስንደርስ «ሪኤጀንት አልቋል» የምንባል ሰዎች ነን። ያለችውን ጥቂት ሪኤጀንት፣ ማለትም የመመርመሪያ ኬሚካል፣ ሊገኝባቸው በሚችሉት ልጆች ላይ እናውላት። እነሱን የሚለየው የቤተሰብ ታሪክ ነው፤ አባት፣ አጎት ወይም ወንድ አያት ከ55 ዓመት ዕድሜው በፊት፣ እናት፣ አክስት ወይም ሴት አያት ከ65 ዓመት ዕድሜዋ በፊት በልብ ሕመም ወይም በስትሮክ ከታመመ፣ ወይም በድንገት ወድቆ ከሞተ፣ ወይም ከቤተሰቡ አንዱ ኮሌስትሮሉ እጅግ ከፍተኛ ነው ከተባለ፣ የዚያ ቤት ልጆች ይመርመሩ። ስኳር በሽታ ያለበት ወይም ያለ ቅጥ የወፈረ ልጅም እንዲሁ። የልጁ ኤል ዲ ኤል በዴሲሊትር ከ130 ሚሊግራም ካለፈ ከፍ ያለ ነው፤ 190 ከደረሰ ወይም የቤተሰብ ታሪክ ኖሮ 160 ከደረሰ የዘር ሕመሙ ይጠረጠራል፣ ልጁም ወላጆቹም እኅት ወንድሞቹም ይመረመራሉ። አንድ ልጅ ሲገኝ የሚድነው ብዙ ጊዜ አባቱ ጭምር ነው፤ አርባ ዓመት ሳይሞላው መድኃኒት የሚጀምር አባት።

ይህን ታሪክ ለመጠየቅ ደግሞ እንደ እኛ የተመቸ ሕዝብ የለም። ልጆቻችንን ስንድር ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ሽማግሌው ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን መቼ እንደሞተ ያለ ወረቀት ይናገራል። ሰባት ቤት መቁጠራችን ራሱ አንድ ልጅ የተበላሸውን የዘር ቅንጣት ከአባቱም ከእናቱም እንዳይወርስ ረድቶናል፤ ያ ቢጫ እብጠት ያለበት ልጅ በእኛ ዘንድ ብርቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። አሁን ያንኑ ቆጠራ ስንቆጥር አንድ ጥያቄ እንጨምርበት፦ ሳያረጅ በድንገት የወደቀ ማን ነበር?

የወረዳችሁን ጤና ጽሕፈት ቤትም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ በምትይዘው የቤተሰብ ፎልደር ላይ ይህቺ አንዲት ጥያቄ ትጨመር። መልሱ «አለ» የሆነበት ቤት ልጆች ስማቸው ወደ ሆስፒታል ይላክ። ለመምህራንም እንዲሁ፤ «ጉሮሮዬን አመመኝ» ያለ፣ ጉልበቱ ያበጠ፣ ሲሮጥ ከጓደኞቹ በፊት ትንፋሽ የሚያጥረው ተማሪ ካለ ለወላጁ ይነገር፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይላክ።

እናንተ ደግሞ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ በዘራችሁ 55 ዓመት ሳይሞላው፣ ሴት ከሆነችም 65 ሳይሞላት፣ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ስሙንና ዕድሜውን ያዙ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሩ። በቤታችሁ ጉሮሮው የቆሰለ ልጅ ካለ ግን እስከ ሳምንት አትጠብቁ፤ ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።